ስለ አንድ የተዘጋ በርና ሊዘጋ ስላለ ፊልም ቤት

ለክቡር አቶ ሮናልድ ሴንዳውላ፣
ለስመ ጥሩ ጋዜጠኛና የፊልም ሐያሲ፣ ለፊልም ቤቶች ፈቃድ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ካምፓላ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ቀጥሎም ለአዲሱ ወንበርዎ ጤና እጸልያለሁ። ወንበሩ እንደሚሽከረከር ሰምተን እዚህ ንዴባ ያለን ዘመዶችዎ ሁሉ ደስ ብሎናል። ይህን ደብዳቤ ለራስዎ ጋዜጣ ልኬያለሁ፤ ቦታ ጠበበን የሚሉ እንደሆነ ግን አንዱን ቅጂ በፊልም ቤቴ በር ላይ ስለለጠፍኩት ሲያልፉ ቆም ብለው ሊያነቡት ይችላሉ።

ፊልም እየታየ በማይክሮፎን በቋንቋችን በሉጋንዳ የሚተርክ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ ከመጪው ወር ጀምሮ እንዲዘጋ ኮሚቴዎ ሐሙስ ድምፅ እንደሚሰጥ ተነግሮናል። የእኔም ቤት አንዱ ነው። ተራኪዬ ሙትያባ፣ መንታ በመውለዱ ሳሎንጎ የምንለው፣ ይህን ሲሰማ “ታዲያ ዝም ብዬ ምን እሠራለሁ?” አለኝ። ሰውየው ዝም ብሎ አያውቅም።

እርስዎ ለፊልም ሁሉ ኮከብ ቆጥረው መስጠት ስለለመዱ፣ እንዲቀልልዎ ብዬ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ጋዜጣዎ የሕይወት ታሪክዎን ባወጣ ጊዜ በሞት ማስታወቂያ ገጽ ሥራ ጀምረው ወደ ፊልም ገጽ እንደተዛወሩ አነበብን። ገጹን ቢለውጡም መቅበሩን አለመተውዎ ለሙያ ያለዎትን ታማኝነት ያሳያል። የተዘለለው ነገር፣ በእነዚያ ዓመታት ፊልም ያዩ የነበረው በእናትዎ ወንድም ፊልም ቤት፣ ከኋላ፣ ከማራገቢያው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ መሆኑ ብቻ ነው።

፪. ለኮሚቴው ባቀረቡት ሪፖርት ተመልካቾቻችን “በማኘክ ድምፅ ጥበብን ያውካሉ” ብለዋል። እውነት ነው። ፌንጣ ተጠብሶ በሚበላበት ወራት ትልቁ የማኘክ ድምፅ ይመጣ የነበረው ከማራገቢያው ሥር ነው። ጥብሱን የምትሸጥልዎት ናምፒጃ “ዘንድሮ ሐያሲው ቀረብኝ” እያለች ታዝናለች።

፫. ከውጭ አገሩ የፊልም ፌስቲቫል ከተመለሱ ወዲህ በዚህ ሙቀት አንገት ልብስ ይጠመጥማሉ። ይህ ቅሬታ አይደለም፤ እንዳይታመሙ አስበን ነው።

፬. ወደ ሽልማትዎ ልምጣ። ስለዚያ የቻይና ፖሊስ ፊልም የጻፉትን ሁላችንም ቆርጠን አስቀምጠነዋል። ሽማግሌው ፖሊስ እጁን በቤቱ በር ላይ አድርጎ ይቆማል። ምስሉ አይንቀሳቀስም። ከዚያ ይናገራል፦ “በሩን የማልከፍተው ቁልፍ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ከከፈትኩት ማንም እንደሌለ ማየት ስላለብኝ ነው።” እርስዎም “ፊልሙን በተዘጋ በር የሚጨርስ ዳይሬክተር ድፍረቱ ይገርማል” ብለው ጻፉ። አነበብን፣ አለቀስን፣ እርስዎም ተሸለሙ።

ክቡር ሆይ፣ ዲስኩ ተጭሮ ነበር። ምስሉ ቀጥ ብሎ ሲቀር ሰዉ ማፏጨት ጀመረ፤ ቻይንኛ የሚባል ነገር የማያውቀው ሳሎንጎም፣ እኔ ማጫወቻውን እስክከፍት ሰዉን ለመያዝ ብሎ ያንን የበሩን ንግግር ከራሱ ፈጥሮ ተናገረ። ሚስቱን ናሎንጎን ከቀበረ ገና ወር አልሞላውም ነበር። ፉጨቱ ቆመ። እርስዎ ዓይንዎን እየጠረጉ ወደ ጋዜጣዎ ሮጡ። እኔም ዲስኩን በሸሚዜ ጠርጌ መለስኩት፤ ሽማግሌው ወዲያው በሩን በእርግጫ በረገደና ውስጥ የነበሩትን ሌቦች ሁሉ ደበደባቸው። ፊልሙ ገና ግማሹ ነበር። በኋላ ዝሆንም መጥቷል።

ሸላሚዎችዎ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አይተውት ቢሆን ኖሮ ዝሆኑን ባነሱት ነበር፤ እኛ ግን በማንም አንፈርድም። ያን ጊዜ ጽሑፍዎን ለሳሎንጎ አነበብኩለትና ለጋዜጣው እንንገር አልኩት። “ተወው” አለኝ፤ “ለናሎንጎ ከዚህ የተሻለ የሞት ማስታወቂያ ማን ይጽፍላታል?” ስለዚህ ዝም አልን። ያንን ዝምታ ለእርስዎ እንደ ስጦታ ቆጥረነው ነበር፤ እርስዎ ግን በምላሹ ለሳሎንጎ የዕድሜ ልክ ዝምታ ሊሰጡት ነው። ለልግስናዎ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ስለ ወንበርዎ መሽከርከር ዘወትር የሚጸልይ፣ ፈቃዱ እስኪነጠቅ ድረስ ባለ ፈቃድ የሆነው፣ ትሑት አገልጋይዎና አጎትዎ፣

ኤሪያሳፍ ካተንዴ
ንዴባ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ረቡዕ ማታ፣ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት፣ ያንኑ ፊልም እናሳያለን። ዲስኩ ተወልውሏል፤ ማይክሮፎኑን የሚይዘው ሳሎንጎ ነው። ከማራገቢያው ሥር ያለውን ቦታ ይዤልሃለሁ፤ ናምፒጃም ፌንጣውን ትጠብስልሃለች። በዚህኛው ግን፣ ሮኒዬ፣ በሩ እስኪከፈት ቁጭ በል።