የአጋሙ አጥር እንዳይከረከም

እኔ በዛብህ ሽመክት፣ በድሬዳዋ ከተማ የሳቢያን ነዋሪና የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ ዛሬ ሰኞ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት በቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ አራት ምስክሮች እየሰሙ ይህን ቃሌን አጽፋለሁ። ዕድሜዬ ሰባ ዘጠኝ ነው። ቀኝ እጄና ቀኝ እግሬ ከዘንድሮ ጥቅምት ጀምሮ አልታዘዝ ብለውኛል፤ አእምሮዬ ግን የጎደለው ነገር የለም። የሚጠራጠር ካለ ምስክሮቹን ይጠይቅ፤ ጸሐፊውን አቶ ሃሺን እስካሁን ሁለት ጊዜ አርሜያቸዋለሁ።

በመስከረም 2007 ዓ.ም. በገዛ እጄ የጻፍኩትን፣ ሴት ልጄን ማርቲን ከውርስ የነቀልኩበትን ኑዛዜ ዛሬ ሽሬዋለሁ። በዚያ ወረቀት ላይ ምክንያት ብዬ የጻፍኩት «አባቷን ስለ ደፈረች» የሚል ነበር። የሆነውን እንደሆነው አሁን አጽፋለሁ።

በ1966 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ሊመለሱ ዕቃቸውን ይሸጡ ከነበሩ አንድ የምድር ባቡር ፈረንሳዊ ሠራተኛ ላይ የአትክልት መጽሐፍ ገዛሁ። ፈረንሳይኛ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከወርክሾፑ የማሽን መመሪያና ከመዝገበ ቃላት ነው የተማርኩት። መጽሐፉ ካሲስ ስለሚባል፣ ጥቁር ፍሬ ስለሚያፈራ የብርድ አገር ቁጥቋጦ ይናገራል። ደንቡ ግልጽ ነበር፤ በየዓመቱ ሳይራሩ መቁረጥ፣ ያን ጊዜ ፍሬው ይበዛል። አንድ ችግኝ በቆርቆሮ ተተክሎ በመርከብ ጅቡቲ፣ ከዚያም በባቡር እዚህ ድረስ አስመጣሁ። በቀን ሦስት ጊዜ አጠጣሁት፣ እርጥብ ጆንያ አለበስኩት። በግንቦት ሙቀት ደርቆ ቀረ።

ባለቤቴ እፀገነት ሳቀችብኝ። «የምትፈልገው ጥቁር ፍሬ ከሆነ የኛ አጋም ምን አደረገህ?» አለችኝ። አባቷ ሐርላ አጠገብ የመንገድ ሠራተኛ ስለነበሩ በልጅነቷ ከኮረብታው አጋም እየለቀመች ነው ያደገችው። በሳምንቱ ሄዳ አሥራ ስምንት ችግኝ ይዛ መጣች፤ በግቢው ዙሪያ አብረን ተከልነው። «አንድ ቀን ከመኝታ ቤቴ መስኮት እጄን ዘርግቼ እለቅማለሁ» አለች።

አጋሙ ጸደቀ። እኔም በካሲሱ ደንብ ገባሁበት። መጽሐፉ በዓመት አንዴ ይላል፤ ባበዛው ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ በየወሩ መጨረሻ እሑድ በመቀስ ከረከምኩት። በሳቢያን እንደኔ አጥር ቀጥ ያለ አልነበረም፤ ውሃ ልክ ቢቀመጥበት አይዛነፍም። አበባ ግን አላወጣም። ጎረቤታችን ቱሪያ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ «አቦ በዛብህ፣ ይሄ አጋም ነው እንጂ ወታደር አይደለም፤ ተወው ይደግ» ትለኝ ነበር። የዚህ ከተማ ሰው ሽማግሌንም አንተ ነው የሚለው። «አንብበሻል?» እላታለሁ። «ፍየል ጠብቄያለሁ» ትለኛለች።

እፀገነት በታመመችበት ዓመት፣ በሚያዝያ 2006፣ አልጋዋ ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር። «ዘንድሮን ብቻ ተወው፤ ይህን የመስኮቱን ፊት ብቻ» አለችኝ። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁለት ጊዜ ለምናኝ ነበር፤ ይህ ሦስተኛው ነው። አንዴ የተለቀቀ ሥርዓት አይመለስም አልኳት። በወሩ መጨረሻ እሑድ መስኮቱ ፊት ቆሜ ከረከምኩ። ስጨርስ ማርቲን ጠርታ «አልጋዬን ወደ ግድግዳው አዙሪልኝ» አለቻት። ማርቲ አዞረችላት። ከዚያ ወጥታ መቀሱን ከእጄ ነጠቀችና ጓሮ ካለው ከደረቀው የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ጣለችው። በማግስቱ እዚሁ ከተማችን ካለው ታይዋን ገበያ ሌላ ገዛሁ።

እፀገነት ሰኔ 9 ቀን ዐረፈች። ከአርባዋ በኋላ ማርቲ በሩ ላይ ቆማ «አባዬ፣ አጥርህን ጠብቅ» ብላኝ ሄደች። ሁርሶ ታስተምራለች። ከዚህ ሩቅ አይደለም። ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሚኒባስ መንገዱ ላይ በቆመ ቁጥር ቀና እላለሁ፤ ለምን እንደሆነ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ሕመሙ ሲጥለኝ መከርከሙን ለወንዱ ልጄ ለሰይፈ ሚካኤል አዘዝኩ። «እሺ አባዬ፣ የሚመጣው እሑድ» ይለኛል። የሚመጣው እሑድ ሳይመጣ ወራት አለፉ። በዚህ ዓመት ሚያዝያ አጥሩ ሁሉ ነጭ አበባ ለበሰ፤ ሽታው አልጋዬ ድረስ ገባ። ሐምሌ ላይ ፍሬው ቀላ፣ አሁን ጠቁሯል። ቱሪያ በኩባያ ለቅማ አምጥታ «ብላ እንግዲህ፣ ምሁሩ» አለችኝ። በላሁ። አጋም የሚያብበው በቅርንጫፉ ጫፍ ነው። እኔ ወደ ሃምሳ ዓመት ጫፍ ጫፉን ስቆርጥ ኖሬያለሁ።

ስለዚህ ንብረቴን እንዲህ አካፍያለሁ።

ሰይፈ ሚካኤል በመንገዱ በኩል ያሉትን ሦስት ክፍሎች ይውሰድ። አጥሩን ነቅሎ በብሎኬት ሊያጥር፣ ሱቅም ሊሠራ እንደሚያስብ አውቃለሁ። ሱቁን በክፍሎቹ ውስጥ ይክፈት፤ አጥሩን አይነካም። ዕድሜውን ሙሉ በስንፍናው ገሥጬዋለሁ። ለዚህች አንዷ ስንፍናው ግን አመሰግነዋለሁ፤ በሌላ ሥራ አይድገማት።

ማርቲ የእናቷን መኝታ ቤት፣ ጓሮውንና አጥሩን በሙሉ ትውሰድ። ወደ ግድግዳው ከዞረ ወዲህ አልጋውን ማንም አልነካውም ነበር። ዛሬ ጠዋት ወደ መስኮቱ አስዙሬዋለሁ። ሁለተኛውን መቀስም ትውሰድ፤ ጉድጓዱ የት እንዳለ ታውቃለች። መንገድ የዘጋ ቅርንጫፍ ካለ በእጇ ትስበረው፤ ከዚያ ያለፈ አይቆረጥ።

ቱሪያ በሕይወት እስካለች ድረስ በእሷ በኩል ያለውን ፍሬ ሳታስፈቅድ ትልቀም። ምስክር ያላደረግኋት ይህን ስለምሰጣት ነው፤ ሕጉን አንብቤያለሁ። ሲነበብላት «ድሮስ መቼ ጠይቄህ አውቃለሁ» ብላለች፤ ይህም ይጻፍ።

የፈረንሳዩ መጽሐፍ አይጣል። ስለ ካሲስ የጻፈው ለካሲስ ነው፤ ጥፋት የለበትም።

የምቀበረው በእፀገነት ጎን ነው። ሐውልት አልፈልግም።

እዚህ ላይ አቶ ሃሺ «ጋሼ፣ ልጄ ሆይ ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ ልጻፍ?» አሉኝ። ያላልኩትን አይጻፉ አልኳቸው። የምለው ይህ ነው። ማርቲ፣ ስለ አጋሙ እናትሽ ትክክል ነበረች፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አንቺም መቀሱን መጣልሽ ልክ ነበር።

የዚህ ቃል አንድ ቅጂ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በሚወጣው ሚኒባስ ሁርሶ ይላክላት። አቶ ሃሺ ኑዛዜ የሚነበበው ከሞት በኋላ ነው ይሉኛል። አውቃለሁ። ፍሬው ግን ከመስከረም አጋማሽ አያልፍም፤ ለእኔም ከዚያ በላይ ዋስ የሚሆነኝ የለም። መጥታ ትልቀም፤ እኔን ማነጋገር ካልፈለገች አታነጋግረኝ። የጓሮው በር አይቆለፍም።

ይህ ሁሉ በምስክሮች ፊት ተነቦልኝ ያልኩት መሆኑን አረጋግጬ፣ ቀኝ እጄ ስለማይጽፍ የግራ አውራ ጣቴን አትሜበታለሁ።

የተናዛዡ አሻራ፦

እኛ ከዚህ በታች የፈረምን ምስክሮች ተናዛዡ ሲናገሩም ጽሑፉ ሲነበብም አብረን ነበርን። የተናዛዡ አውራ ጣት ቀለም ሳይነካው በፊት በአጋም ጠቁሮ ነበር። እንዲታጠቡ ብንጠይቃቸው እምቢ ስላሉ አሻራው በዚያው ላይ መነሣቱን እናረጋግጣለን።

1. ሙመድ ሮብሌ (ፊርማ)
2. ሉቅማን ዐብዲሻኩር (ፊርማ)
3. ላዳን አብሺር (ፊርማ)
4. ማዘንጊያ ደምሴ (ፊርማ)

ጸሐፊ፦ ሃሺ ኢድሪስ (ፊርማ)። ቅጂው በዘጠኝ ሰዓቱ ሚኒባስ ተልኳል።