ሰማይ ቀዳጅ ተብዬ የከረምኩበት ወር

ለውድ እህቴ ለዘሙሩድ፣ ጅዳ።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ እታለሜ! እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይጠዘጥዝሻል? ባለቤትሽ ከማለዲንስ ከነወገቡ እንዴት ነው? ልጆቹስ አደጉ? ሙቀቱስ? የጅዳን ሙቀት ከጻፍሽልኝ ወዲህ እኔ እዚህ የእንጦጦ ብርድ እያንቀጠቀጠኝ እንኳ ለአንቺ ላብ ላብ ይለኛል። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትሽ በቀር የሚያመኝ የለም። ከዚህ ጋር የላክሁልሽን ፎቶዬን አይተሽ ከሳህ እንዳትይኝ፣ አዎ ከስቻለሁ። ምክንያቱን ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ከኔው ስሚው ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። “ወንድምሽ ሰማይ ቀደደ” የሚል ሰው ቢመጣብሽ አትደንግጪ።

እንደምታውቂው ሱቄ ከየካ ሚካኤል ዝቅ ብሎ ወደ ካራ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ቆርቆሮ ቤት ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ፍሪጅ ስጠግን ክፉ ስም ወጥቶልኝ አያውቅም። የሐጂ ሳልህን ልጅ ከይሪያን ሽማግሌ ልኬ ሳስጠይቅ፣ ሐጂ ሁለት ጊዜ “እናስብበት” ብለው በሦስተኛው እሺ ማለታቸውንም ጽፌልሽ ነበር። ሐጂ ካራ ላይ ትልቁን ሱቅ የያዙት ናቸው። በዚህች ዓለም አላህንና ሚዛናቸውን እንጂ ሌላ አያምኑም።

የካቲት መግቢያ ላይ እሑድ ጠዋት ቀበሌ ለስብሰባ ጠራን። ሊቀመንበራችን ጓድ በዳዳ ጋዜጣ ይዞ ተነሳና አነበበልን። ከላይ ከሰማዩ ኦዞን የሚባል አየር አለ፤ የፀሐይን ክፉ ጨረር የሚያጣራልን እሱ ነው፤ አሁን ግን እየሳሳ ነው፣ በደቡብ ዋልታ በኩልማ ተቀዷል፤ የቀደደውም የፍሪጅ ጋዝና የጠጉር መርጫ ጣሳ ነው አለ። “ይህ የኢምፔሪያሊስቶች ሥራ ነው” ብሎ ሊቋጨው ሲል አንዱ ከኋላ፣ “በኛ ቀበሌ የፍሪጅ ጋዝ የሚለቅ ማነው?” ብሎ ጠየቀ። እታለሜ፣ ያ ሁሉ አንገት ባንዴ ሲዞር ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ድምፅ አለው።

መጀመሪያ የተነሱት እንጦጦ ወገብ ላይ ገብስ የሚያርሱት እማማ የማርያምወርቅ ናቸው። “እኔስ አምና ገብሴን የፈጀው ውርጭ ከየት መጣ ስል! ለካ ይኼ ልጅ ከላይ ቀዶት ነው ብርዱ የሚገባው!” አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። በዳዳም ግራ ገብቶት አብሮ አጨበጨበ።

ሳምንት ሳይሞላ ሙዘይን መባሌ ቀረና ሰማይ ቀዳጁ ሆንኩ። ሴቶቹ ሱቄ በር ሲደርሱ ጃንጥላ ይዘረጋሉ፣ አልፈው ሲሄዱ ያጥፋሉ። ይኼን እንኳ ስቄ አሳልፈው ነበር። ወሩ ሳይጋመስ ግን ሐጂ ሳልህ ከሽማግሌዎቼ አንዱን አስጠርተው፣ “ሰማይ የቀደደ ሰው የልጄን ጣራ ይደፍናል ብዬ እንዴት ልመን? ነገሩ እስኪጣራ ኒካሁ ይቆይ” ብለው ላኩብኝ። የዚያን ቀን ምሳም እራትም አልበላሁም። ክሳቴ ከዚያ ጀመረ።

ቢጨንቀኝ የፊዚክስ አስተማሪው ዳንኤል ዘንድ ሄድኩ። “የለህበትም” እንዲለኝ ነበር የፈለግሁት። ዳንኤል ግን እውነት ካልተናገረ የሚያንቀው ሰው ነው። “ውርጩን ተወው፣ አይገናኝም። ቀዳዳውም እኛ አናት ላይ አይደለም። በዓለም ካለው ፍሪጅ ሁሉ ያንተ ድርሻ የጤፍ ቅንጣት አታህልም። ግን አለች” አለኝ። ያቺ “ግን አለች” እንቅልፍ ነሳችኝ። እኔ ፍሪጅ ስጠግን መጀመሪያ የማደርገው ቱቦውን ቆርጬ የቀረውን ጋዝ ፉሽ ብሎ እንዲወጣ መልቀቅ ነው። ሙያውን ያስተማረኝ ሰውም እንዲሁ ነው ያሳየኝ። አሥራ አንድ ዓመት ፉሽ! ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ እዚያው የሚጠፋ ይመስለኝ ነበር። ቀስ እያለ ሽቅብ ወጥቶ እዚያ ላይ ለብዙ ዓመት ሲያፈርስ እንደሚኖር ስሰማ አፈርኩ። ደግነቱ ኦዞን ራሱን የሚተካ ነገር ነው አለኝ፤ ማፍረሱን ከተውንለት ያገግማል። መንግሥታትም ጋዙን ሊቀንሱ ተፈራርመዋል። እስኪድን ግን ሃምሳም ስልሳም ዓመት ሳይፈጅ አይቀርም አለ።

ታዲያ ከምለቀው ለምን አልይዘውም? አልኩ። ከአሮጌ ፍሪጅ የወጣ ሞተር፣ የመዳብ ቱቦና ባዶ ሲሊንደር አገጣጠምኩ። ሞተሩ ጋዙን ከተበላሸው ፍሪጅ እየሳበ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል፤ ሲሊንደሩ እንዳይግል ደግሞ ከእንጦጦ ምንጭ የቀዳሁት ውሃ በርሜል ውስጥ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ሙከራ ቱቦው ተፈናጥሮ የሞተሩን ዘይት ሁሉ ፊቴ ላይ ረጨብኝ። ሽታው አልለቅ ብሎኝ ጁምዓ መስጊድ ስገባ ግራና ቀኝ ያሉት ሰዎች ፈቀቅ ፈቀቅ አሉልኝ። በአራተኛው ሙከራ ያዘ።

መጋቢት ሲገባ ከይሪያ በጓደኛዋ በኩል እንዲህ ስትል ላከችብኝ። “የአባባ ፍሪጅ ቆሟል። ለስላሳውን በባልዲ ውሃ እየነከሩ ይሸጣሉ፤ ሰው ሻይ ነው ወይ እያለ ይመልስላቸዋል። አንተን መጥራት ግን ሞት ሆኖባቸዋል። ሳትጠራ ና።” በርሜሌንና ሞተሬን በጋሪ ጭኜ ስሄድ ሰፈሩ ከኋላዬ ተከተለ። እማማ የማርያምወርቅ ጃንጥላቸውን፣ ጓድ በዳዳ ደብተሩን ይዘው ከፊት ነበሩ።

ሐጂ በሩን ዘግተው ቆሙ። “ደግሞ ከኔ ሱቅ በላይ ልትቀድ መጣህ?” አሉኝ። “የለም አባባ፣ ጋዙን በሚዛንዎ እንዲመዝኑት ነው የመጣሁት” አልኳቸው። ሚዛን የሚለውን ሲሰሙ ገለል አሉ። ባዶውን ሲሊንደር ራሳቸው መዘኑ። ሞተሩ አንድ ሰዓት ያህል ሲንኮራኮር ቆየ። ሲሊንደሩን ከውሃው አውጥቼ አደራርቄ ሰጠኋቸው፤ ሦስት መቶ ግራም ጨምሯል። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ደገሙ፤ የሚዛኑን ብረት ለውጠው ሠለሱ። “ሱብሃነላህ! ለካ ነፋስም ይመዘናል!” አሉ።

ደስታ ያስለፈልፋል መቼም። የፍሪጁ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ሙሉው አምስት መቶ ግራም ይላል። አንብቤ ሳልጨርስ ነገሩ ገባኝና ምላሴን ነከስኩ። ሐጂ በየዓመቱ በሌላ ሠራተኛ ጋዝ ያስሞሉ ነበር እንጂ የሚያፈሰውን ቦታ የደፈነላቸው የለም። ከይሪያ ከመጋረጃው ኋላ በዓይኗ ተው አለችኝ፣ ተውኩ። እማማ የማርያምወርቅ ግን መች ይተዋሉ! “ታዲያ ሁለት መቶው የት ገባ?” አሉ። ሐጂ ቀስ ብለው ወደ ጣራው ቀና አሉ። ሰፈሩም በሙሉ ወደ ጣራው ቀና አለ።

በመጨረሻ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ “የማርያምወርቅ፣ ያ ውርጭ የበላብሽ ገብስ ስንት ኩንታል ነበር?” ብለው ጠየቁ። ሰው በሳቅ ወደቀ፤ እማማም ጃንጥላቸውን ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ሐጂ ወደኔ ዞረው፣ “አንተም ሳታውቅ ለቀቅህ፣ እኔም ሳላውቅ። አንተ ግን ካወቅህ ወዲያ አልተኛህም” አሉኝ። የሚያፈሰውን በየድኩት፣ ያንኑ ጋዝ መለስኩና የጎደለውን ሞላሁ። ጓድ በዳዳ ለበላይ በላከው ሪፖርት “በቀበሌያችን ሰማይ የመጠገን ሥራ ተጀምሯል” ብሎ ጽፏል። እንዲሰርዘው ብለምነው “ታይፕ ተደርጓል” አለኝ።

ኒካሁ ከኢድ በኋላ እንዲሆን ተነጋግረን ነበር። ኋላ ሐጂ፣ “በእናት ባባትህ ቦታ ማን ይቆምልሃል?” አሉኝ። ያሳደገችኝ እህቴ ጅዳ ናት ብላቸው፣ “እንግዲያው እሷ ሳትመጣ አይሆንም። ሰማዩ ስልሳ ዓመት ከጠበቀ፣ እኛ እስከ ዐረፋ መጠበቅ አያቅተንም” አሉ። እታለሜ፣ ይኼ ጥሪ ከኔ አይደለም፣ ከሐጂ ነው፤ እምቢ አይባልም።

ከማለዲንን ሰላም በይልኝ፤ የቤታችሁ ማቀዝቀዣ በደከመ ቁጥር ጋዝ ከማስሞላት ይልቅ የሚያፈሰውን ቦታ እንዲያስደፍን አደራ በይው። ጎረቤትሽን እትዬ ጫልቱን ሰላም በይልኝ። ትንሹን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ። ለልጅሽ ለዘሊካ ደግሞ ከይሪያ የሚዜ ቀሚስ ልትሰፋላት ጨርቁን ገዝታ ተቀምጣለች፤ ቁመቷን በክር ለክተሽ፣ ክሩን ከመልስሽ ጋር በፖስታው ውስጥ ላኪልን።

ወንድምሽ ሙዘይን
የካ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 12 ቀን 1982 ዓ.ም.