ሙዘይን የተሸከመልኝ ጥፋት

ለምወድሽ እናቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ሰነበትሽ እማ? አርዲቦ ሐይቅ ዳር ያለው ጤፍ ደረሰ? ጉልበትሽንስ ብርዱ እንዴት አድርጎታል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እህቴ አሪፋም እዚህ አዲስ አበባ አብራኝ ደህና ናት፤ ትናንት ራሷ ወጥ ሠርታ ጨው አብዝታበት ስንስቅ ነበር።

በስልክ ያልነገርኩሽ የሙዘይንን ስም ስጠራ ስለምትዘጊብኝ ነው። ይህን ለማንም አታስነብቢ፤ ቀስ ብለሽ ራስሽ አንብቢው።

እማ፣ አሪፋን ከሕክምና ያዘገያት ባሏ ሙዘይን አይደለም። እኔ ነኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ስመጣ ጓዳ አስገብታኝ ጡቷን አስነካችኝ። ሕፃኑን ታጠባ ነበር። ጠጠር የሚያህል ነገር አገኘሁ፤ ሲነኩት አያማትም። ባዮሎጂ ተማሪዋ፣ ሦስተኛ ዓመት የደረስኩት እኔ አይደለሁ? የረጋ ወተት ነው፣ በሙቅ ጨርቅ ያዥው አልኳት። ሙዘይን በዚያው ሳምንት ደሴ ሊወስዳት ተነሥቶ ነበር። ሳቅሁበት። ከተማርኩት ከእኔ አንተ ልታውቅ ነው ወይ አልኩት። አፈረና ተወው። ዘጠኝ ወር አለፈ።

ደሴ ላይ ሐኪሙ ካንሰር ነው፣ ለምን ዘገያችሁ ሲል አንቺ ወደ ሙዘይን ዞርሽ። አጠገብሽ ቆሜ ነበር። አፌን ስከፍት ቀደመኝ። «እኔ ነኝ ያዘገየኋት» አለሽ። ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ ያልሽው ያን ጊዜ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ተከትዬ ለምን ዋሸህ አልኩት። ግድግዳ ግድግዳውን እያየ፣ «እናትሽ ከሐኪም ይልቅ የሚያምኑት አንቺን ነው። አንቺንም ካላመኑ አሪፋን አዲስ አበባ ማን ያስልካታል? እኔን ቢጠሉኝ ምን ይጎድላል» አለኝ። እውነቱን ነበር። ዱዓ ይበቃታል፣ ከቤት አትወጣም ስትይ እሺ ያሰኘሽ የእኔ ቃል ነው። ሙዘይን ይኸው ዓመቱ፣ ልጁን ብቻውን እያሳደገ ሐይቅ ከተማ ገበያ ላይ ሲያይሽ መንገድ ይቀይራል። እኔ ዝም አልኩ። ዝምታው ተመቸኝ፣ እማ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ የምልሽ ለዚህ ነው።

ዕጢው ለምን ማደጉን አያቆምም ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። አሁን የምሠራበት ላቦራቶሪ የሚያጠናው ይህንኑ ነው። ገላችን የተሠራው በዓይን ከማይታዩ ሕዋሶች ነው። በእያንዳንዱ ላይ እደግ የሚለውን መልእክት የሚቀበል ነገር አለ። መልእክቱ ሲደርስ አንድ ኢንዛይም ተቀባዩ ላይ ፎስፌት የሚባል ነገር ይለጥፍበትና ሕዋሱ ይባዛል። ሌላ ኢንዛይም ደግሞ የተለጠፈውን አንሥቶ ዝም ያሰኘዋል። ጤነኛ ገላ ላይ ሁለቱ ይመዛዘናሉ። አሪፋ ላይ ተቀባዮቹ ከልክ በላይ በዙ፤ የሚያነሣው አልደርስ አለ፤ ሕዋሱም መልእክት ሳይመጣለት ይባዛል። የምትውጠው ኪኒን የሚለጥፈውን ኢንዛይም ሥራ ያስፈታል። ባለፈው ሳምንት በአልትራሳውንድ ሲያዩዋት እንቁላል ያክል የነበረው ባቄላ አክሏል። ድናለች አልልሽም። ከእንግዲህ የማላውቀውን አውቃለሁ አልልም።

ለዒድ ስመጣ ጄሪካኑን በቀኝሽ ብቻ ስታነሺ አየሁ። ሳቅፍሽም ግራ ጎንሽን አሸሸሽብኝ። ትከሻዬን ወለም ብሎኝ ነው አልሽ፤ እኔም እሺ ብዬ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ማይክሮስኮፑ ላይ ባጎነበስኩ ቁጥር የሚታየኝ ያ ያሸሸሽው ጎንሽ ነው። ምንድን ነው ብዬ አልጠይቅሽም። ምንም አይደለም ብዬም አልጽፍልሽም፤ ደሴ ሐኪም ይየው።

ይህን ደብዳቤ እንድታደርስልሽ ለጎረቤታችን ለዘይቱና የሰጣት ሙዘይን ነው። ባጃጅ ይዞ ከዋርካው ሥር ቆሟል። ሐይቅ ከተማ ድረስ ይወስድሽና ደሴ መኪና አብሮሽ ይሳፈራል። አንቺ ይህን ስታነቢ እኔ ደሴ ሆስፒታሉ በር ላይ ነኝ። ቁጣሽን ለእኔ አቆዪልኝ፤ ስትደርሺ እቀበለዋለሁ። ለእሱ ግን ውጪለት።

አላህ ዕድሜሽን ከጤና ጋር ያርዝምልኝ፤ ከዱዓሽ አታውጪኝ።

ምን እንደጻፍኩልሽ ሙዘይን አያውቅም። ወደ ደሴ አድርሳት ስለው ብቻ፣ «እሺ አይሉኝ ይሆናል፤ እስኪወጡ እቆማለሁ» አለኝ።

ታናሿ ልጅሽ