ተገኝ በአበባው መሀል

መጋቢት 12 ቀን 1979
ዝናብ። ኮሌጅ ፓርክ ከተማ፣ ፓርኪንጉ መውጫ ላይ ባለችው የመስታወት ቤት ውስጥ ዋልኩ። ከጣሊያኑ ፔሩጃ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ዲግሪ ይዤ የሰው መኪና ማቆሚያ ቲኬት እቀበላለሁ... ማታ ያመለከትኩበት ኮሌጅ ደወለ። ሚያዝያ 20 የሙከራ ትምህርት እሰጣለሁ። ከወደዱኝ ከመስከረም ጀምሮ ዕፅዋት አስተምራለሁ። ርዕሱን መረጥኩ፤ የደቡብ አውሮፓ የፀደይ የዱር አበቦች። ግድግዳ ላይ የማሳየው የፎቶ ስላይድ ግን የለኝም።

መጋቢት 15
የባለቤቴ የወይንሸት ወንድም ተገኝ ለፋሲካ ጣሊያን፣ ባሪ ያለችው እህታቸው ዘንድ ይሄዳል። ሌላ ሰው ከየት አመጣለሁ? ካሜራዬን ሰጠሁት። አስጠናሁት፤ ጋርጋኖ ኮረብታ ውጣ፣ ንብ መሳዩን ኦርኪድ በቅርብ፣ አስፎዴል የሚባለውን ረጅም ነጭ አበባ ከነአገዳው አንሳ።
«ጋሼ፣ ሪላክስ ያድርጉ። አበባ ማንሳት ያቅተኛል?»

ሚያዝያ 15
ፊልሙ ታጥቦ መጣ።
በእያንዳንዱ ስላይድ ላይ ተገኝ አለ! በሙሉ ሱፍ። ቀይ የፓፒ አበባ ባጥለቀለቀው ማሳ መሀል ቀጥ ብሎ ቆሟል። አስፎዴሉን እንደ ሚዜ አቅፎታል። ኦርኪዱስ? ጫማው ሥር! አንዱ ተጨፍልቆ፣ ሌላው ከተረከዙ አጠገብ ተንጋዶ።
«አበባውን ነበር ያልኩህ!»
«አበባ ብቻውንማ ፖስትካርድ ነው፣ ጋሼ። ሰው ከሌለበት እዚያ መሄዴን ማን ያምናል?»
ወይንሸት ስላይዱን ወደ አምፖሉ አንስታ፣ «ውይ፣ እንዴት አምሮበታል!»
ምን ዓይነት ሰዎች ነን? ሠርግ ላይ፣ ምርቃት ላይ፣ ስቶን ማውንቴን ተራራ ሥር... ሁሌ እኛ ከፊት፣ ዓለም ከኋላ።

ሚያዝያ 18
በጥቁር ወረቀት ልሸፍነው ሞከርኩ። ተገኝ ሲጠፋ አበባውም ይጠፋል። ኮሌጆቹን ይቅርብኝ ልበላቸው? ከዚያስ... እዚያች መስታወት ቤት ውስጥ ልርጅ?

ሚያዝያ 20
ስላይዶቹን እንዳሉ ለተማሪዎቹና ለመምህራኑ አሳየሁ።
ገና በመጀመሪያው ሳቁ። ከፊት የተቀመጠች ልጅ አስፎዴል ምን ያህል እንደሚረዝም ጠየቀች። ከንዴቴ የተነሳ በማመልከቻው ዘንግ ግድግዳው ላይ ያለውን የተገኝን ደረት መታሁ። እዚህ ድረስ! ፓፒው? ጉልበቱ ድረስ። ኦርኪዱ ላይ ስደርስ ትዕግሥቴ አለቀ። ይህን ጫማ እዩት አልኩ! ይህ አበባ ከዘር አድጎ ለማበብ ዓመታት ይፈጅበታል፣ ይህ ሰውዬ ግን ፎቶ ለመነሳት... ሰዓቱ እስኪያልቅ ስለ አበባ ረጋጮች ተናገርኩ። ያዘጋጀሁትን አልነካሁትም። የሚስቴ ወንድም መሆኑን አልነገርኳቸውም። ተበላሸ።

ሚያዝያ 27
ቀጠሩኝ። በተለይ ስለ ጫማው ያልኩትን ወደውታል አሉ። ስለ ጫማው!
ተገኝ እራት ላይ ጮቤ ረገጠ። «እኔ ባልቆምልዎት ማን ይቀጥርዎት ነበር፣ ጋሼ?»
«አመሰግናለሁ» አልኩት። ወይንሸት ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች። ከተጋባን ጀምሮ ይህን ቃል ለዘመዶቿ ስል ሰምታኝ አታውቅም።