ቅጣት የሌለው ለቅሶ

ሰኞ

የልጄን ቡድን ዘጉት። ናሆም የላኩለትን ቴክስት አሳየኝና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶት ሻወር ገባ። ልጄ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከፈለገ ውሃው ስር ያልቅስ ብዬ በሩን አላንኳኳሁም። ቡድኑ ከዚህ ሲዝን በኋላ አይቀጥልም፣ ቅዳሜ ፎርት ዎርዝ የመጨረሻው ጨዋታ ነው፣ ስለ ትዕግሥታችሁ እናመሰግናለን ይላል። የምን ትዕግሥት? እኔ መቼ ታገስኩ?

እሱ ወደ ስራው ሄደ፣ አዲሰን አንድ ክሊኒክ ውስጥ ኤክስሬይ ያነሳል። እኔም የምሰራበትን ሆቴል ሻትል፣ የእንግዳ ማመላለሻውን ቫን፣ ይዤ ከኤርፖርት ኧርቪንግ፣ ከኧርቪንግ ኤርፖርት ስል ዋልኩ። አንድ መንገደኛ ደህና ነሽ ወይ አለኝ። ደህና አይደለሁም አልኩት። ቲፕ ሰጠኝ።

ማክሰኞ

ያናደደኝ መዝጋታቸው ብቻ አይደለም። ናሆም "ኢትስ ኦኬ እማ" ማለቱ ነው። ምኑ ነው ኦኬ?

ሚድል ስኩል እያለ ወፍራም ስለነበር ግብ ላይ አቆሙት። ከዚያ ወዲህ ከግቡ አልወጣም። ያንን ትራስ የመሰለ መከላከያ ለብሶ ይቆማል፣ ሰዎቹ ጫፉ ላይ መረብ ባለው ዱላ ድንጋይ የሚያህል የጎማ ኳስ ይወረውሩበታል። ሰውነቱ ሁልጊዜ እንደበለዘ ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ ደግሞ ተጠባባቂ ነው። ዋናው ግብ ጠባቂ ሲደክመው ለጥቂት ደቂቃ ሁለቴ ገብቷል፤ የቀረውን ጊዜ ሁሉ ተጫዋች ሲቀየር የሜዳውን አጥር በር ሲከፍትና ሲዘጋ ነው የከረመው። አንድም ቀን አማርሮ አያውቅም። እኔ ነኝ የማማርረው።

የእኛ ሰው ይኸን ጨዋታ አንድ ቀን መጥቶ አላየም። "ያ የዱላ ጨዋታ አላለቀም?" ይሉኛል፣ ይስቃሉ። ዛሬ ሻትሉን እያጠብኩ አንድ ነገር መጣልኝ። ነገ የእድር ስብሰባ አለ። እናገራለሁ። ይሳቁ።

ረቡዕ

ሳቁ።

ስብሰባው እንደ ወትሮው ቪከሪ ሜዶ ሰፈር፣ የአፓርትመንቱ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሌላ ጉዳይ ያለው ሲባል ተነሳሁ። የልጄ ቡድን ሞቷል፣ ቅዳሜ ቀብሩ ነው፣ እድሩ ይድረስልኝ አልኩ። ከኋላ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፣ ሁሉም ተከተሉት።

ሊቀመንበራችን አቶ ሙላቱ አልሳቁም። እሳቸው ጡረታ የወጡ የትራክ ሹፌር ናቸው፣ ደንብ ይወዳሉ። መነጽራቸውን አወለቁና፣

"ስሚ ዘነበች፣ እድር ለሰው ነው። ኳስ ሞተ ተብሎ ለቅሶ አይኬድም" አሉኝ።

እኔም አልተቀመጥኩም። "ለቅሶ የምንሄደው ለማን ነው? ለሞተው ነው ወይስ ለቀረው? የሞተውማ አያየንም።"

ቀጠልኩ። ከማን ለቅሶ ቀርቼ አውቃለሁ? ሻትል ሙሉ ሰው ጭኜ እስከ ፕላኖ የነዳሁት እኔ አይደለሁም? የእድሩን ተጣጣፊ ወንበር ከአስራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ ለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት ሲሸከም ያደገው ማን ነው? ያ ልጅ ነው እኮ ቅዳሜ ብቻውን የሚቆመው።

አቶ ሙላቱ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። መሄድ የፈለገ ይሂድ አሉ፣ እድሩ አይከለክልም። ግን በለቅሶ ደንብ አይያዝም፣ የቀረ ሰው አይቀጣም። "ሰው ካልሞተ ቅጣት አልጽፍም።" በቃ፣ ስብሰባው ተዘጋ። እኛ ዘንድ ቅጣት ከሌለው ማን ይመጣል? ቅጣት የሌለው ለቅሶ ማለት ማንም የማይመጣበት ለቅሶ ነው።

ሐሙስ

እታገኝ ኮል አደረገች። ጎረቤቴ ናት፣ እድሩ ውስጥም አጠገቤ ነው የምትቀመጠው። "ምን ለብሰን ነው የምንመጣው?" አለችኝ። ጥቁር አልኳት። "እኔም ንፍሮ እቀቅላለሁ" አለች። ጓደኛ ማለት ይህ ነው።

ናሆም ስናወራ ሰማ። እንዲህ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም። "እማ፣ እኔ አልሞትኩም ኮ። ሰዎቹ ይመጣሉ፣ እኔ በር እከፍታለሁ፣ ዛትስ ኢት። ለምን ታሳፍሪኛለሽ?"

በር ስትከፍት ይዩህ አልኩት። ወንበር ስትሸከም አይተውህ የለ?

ክፍሉ ገባ። እኔም ራት ሳልበላ ተኛሁ። አብዝቼው ይሆን? ማለቴ፣ አንድ ሰው ባይመጣስ? እታገኝና እኔ ጥቁር ለብሰን፣ ንፍሮ ይዘን፣ አስር ሺህ ወንበር መሃል ብንቀመጥስ? ይሁን። እንቀመጣለን።

ዓርብ

የቡድኑ ልጆች ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ስራ ይሰራሉ። አንዱ አናጢ ነው፣ አንዱ አስተማሪ፣ አምበሉ የእሳት አደጋ ሰራተኛ ነው። አብዛኞቹ ከካናዳ ናቸው፣ ዓርብ ይመጣሉ፣ እሁድ ይመለሳሉ፣ የሚያርፉትም እኔ ሆቴል ነው። ሌላ ጊዜ ሻትሉን በሳቅ ነው የሚያናውጡት። ዛሬ ግን ጭጭ አሉ። አምበሉ ያ ግዙፍ ሰውዬ ከፊት አጠገቤ ተቀመጠና መንገዱን ብቻ ሲያይ መጣ። ሲወርድ "ማማ፣ ነገ ትመጫለሽ?" አለኝ። ቤተሰቤን ይዤ እመጣለሁ አልኩት። አፌ ቀደመኝ።

ቅዳሜ



ስታዲየሙ በር ላይ ጠባቂው የእታገኝን ንፍሮ ምግብ አይገባም ብሎ አስቀረው። ግማሹ ግን ከነጠላዋ ስር ነበር፣ ገባ። ተቀመጥን። ሁለት ሰው። ከዚያ አራት። ከዚያ ሻሽ ያሰሩ እናቶች ደረጃውን እየተጠነቀቁ ሲወርዱ አየሁ፣ ከኋላቸው የታክሲ ሹፌሮቹ፣ ከኋላቸው እነ ሐጂ ሰይድ፣ የወሎ ሰዎቹ ጎረቤቶቻችን። እነሱ የእኛ እድርተኛ እንኳን አይደሉም። መደዳው ሞላ፣ ሁለተኛው ሞላ፣ ሁሉም ጥቁር በጥቁር። ከተጀመረ በኋላ ደግሞ አቶ ሙላቱ ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። "ለጨዋታው አይደለም" አሉኝና ዳር ተቀመጡ።

እዚያ ቤት ጨዋታው እየሄደ ሙዚቃ ያስጮሃሉ፣ ልጆቹ ካጥር ጋር ይላተማሉ፣ ሕዝቡ ያብዳል። የእኛ ሰው ግን ለቅሶ ቤት ነውና እጁን አጣምሮ ዝም። አጠገባችን ያሉት ፈረንጆች እኛን እያዩ ድምፃቸውን ቀነሱ። ናሆም አንድ ጊዜ በሩን ከፍቶ ቀና ሲል እኛን አየን። በሩን መዝጋት ረሳ፣ አሰልጣኙ ጮኸበት።

በአራተኛው ሩብ በብዙ እየተመራን አሰልጣኙ የናሆምን ትከሻ መታ። ገባ። ልጄ ገባ። የመጀመሪያዋን አገቡበት። ሁለተኛዋን በደረቱ መለሳት፣ ሦስተኛዋን በጉልበቱ። ከዚያ ተከላካይ በሌለበት ሁለት ሰው ሲመጣበት ኳሷ ላይ በሆዱ ተኛ። ከዳር አንድ ሰው "ጀግና!" ብሎ ተነሳ። ዞር ስል አቶ ሙላቱ ናቸው። ወዲያው ክራባታቸውን አስተካክለው ቁጭ አሉ፣ ግን ሁሉም ተከትሏቸው ተነስቶ ነበር።

ተሸነፍን። ሲያልቅ ሕዝቡ ወደ ሜዳው እንዲወርድ ተፈቀደ፣ ሰው ፊርማ ሊያስፈርም ወረደ። የእኛዎቹ ግን ተሰለፉ። አቶ ሙላቱ ከፊት ሆነው እያንዳንዱን ተጫዋች ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ጨበጡ፣ "እግዜር ያጥናችሁ"። ከኋላቸው ሐጂ ሰይድ፣ "አላህ ያጽናችሁ"። ከኋላቸው እናቶቹ። አምበሉ ናሆምን ምን እያሉ ነው አለው። ሰው የሞተበት ቤት ስንሄድ የምንለው ነው አለው ናሆም። ያ ግዙፍ ሰውዬ የራስ ቁሩን አወለቀ። የእታገኝ ትከሻ ላይ ጎንበስ ብሎ አለቀሰ፣ እሷም ንፍሮ ሰጠችው። በላ።

ናሆም ጋ ስደርስ እኔም በሁለት እጄ ጨበጥኩት። እሱም ኢትስ ኦኬ አላለኝም።

እሁድ

ከሰዓት አቶ ሙላቱ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቤት መጡ፣ እንደ ደንቡ። ተቀመጡ። ናሆም እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ያ ኳስ ያማል ወይ አሉት፣ እጅጌውን ሰብስቦ አሳያቸው። ሽማግሌዎቹ ተጠግተው አዩ፣ አንደኛው በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ሌላ ቡድን ይወስደው እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። እሱም አያውቅም፣ ይደውሉ ይሆናል፣ ላይደውሉም ይችላሉ።

በር ላይ ስሸኛቸው አቶ ሙላቱ ወደኋላ ቀሩ።

"ያልመጡትን ቀጥቻቸዋለሁ" አሉኝ።

ሰው ካልሞተ አልጽፍም ብለው አልነበር ወይ አልኳቸው።

"አንደኛዋ ባለቤቴ ናት" አሉና ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ስገባ ናሆም ምን አሉሽ አለኝ፣ ነገርኩት። "ሶ... ሪል ነበር ማለት ነው?" አለኝ።

እውነተኛ ለቅሶ ነበር አልኩት።

ጋራዥ ሄዶ እንዲደርቁ ያሰጣቸውን የጨዋታ ጓንቶቹን ገለበጣቸው፣ በሌላው ወገንም እንዲደርቁ።