በአቡጀዲ ላይ የተሳሉ ከዋክብት

ማክሰኞ

የባሌን የይበልጣልን ክፍል ለእኔ ሰጡኝ። ርዕሰ መምህሩ "የባዮሎጂ መምህርት ብትሆኚም ከሌላ ሰው አንቺ ትሻያለሽ" አሉኝ። ባሌ ከሞተ ወር አልፎታል፤ ሌላ የፊዚክስ መምህር እዚህ ቢቸና እስኪመደብ ልጆቹ ባዶ መቀመጥ የለባቸውም። እሺ አልኩ። እምቢ ማለትም አቅም ይጠይቃል።

የቀረው ምዕራፍ ስለ ከዋክብት ነው። ሳነብ ዋልኩ። ሰባት መደብ፦ ኦ፣ ቢ፣ ኤ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኬ፣ ኤም። ኦ ሰማያዊና እጅግ ሞቃት፣ ኤም ቀይና ከሁሉም ቀዝቃዛ። ፀሐያችን ጂ ናት። ገባኝ። ምንም አልተሰማኝም።

ረቡዕ

እሱ አቡጀዲ ላይ በቀለም የሳለው ሰንጠረዥ ከሰሌዳው አጠገብ ተሰቅሏል። ወደ ላይ ድምቀት፣ ወደ ጎን ሙቀት። የሙቀቱ ቁጥር ግን በግራ ከሠላሳ ሺህ ተነስቶ ወደ ቀኝ ሦስት ሺህ ይወርዳል። የተገለበጠ ነው። የመጽሐፉ ኮፒ ጠቁሮ ሥዕሉ አይለይም።

ልጆቹ ፈተና ላይ ወድቀው "ቲቸር ይበልጣል ነው ያሳሳተን" እንዲሉ አልፈልግም። የቀረኝ ስሙ ነው። በእረፍት ሰዓት ቁጥሮቹን በነጭ ቀለም አጥፍቼ ከትንሽ ወደ ትልቅ ጻፍኩ።

ሐሙስ

አስተማርኩ። አልሆን አለኝ። ሰማያዊዎቹ ነጥቦች ሦስት ሺህ ላይ፣ ቀዮቹ ሠላሳ ሺህ ላይ ዋሉ። ያነበብኩት ተቃራኒውን ነው። ልጆቹ ግን እንዳለ ቀዱት።

ይበልጣል ማስታወሻ አይዝም ነበር። ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ እነሱ ይቀዳሉ። ያስተማረው ሁሉ ያለው በልጆቹ ደብተር ነው። ፊት የምትቀመጠውን ተማሪ ማስተዋልን ደብተርሽን አውሽኝ አልኳት። አንገራገረች። "ዳር ዳሩን ግን አያንብቡት ቲቸር" ብላ ሰጠችኝ።

ዓርብ

አነበብኩት። "ሙቀት ከግራ ወደ ቀኝ ይቀንሳል። የሥነ ፈለክ ሰዎች ከድሮም እንዲህ ነው የሚስሉት። ስህተት አይደለም።" ዳሩ ላይ ማስተዋል በእርሳስ ጨምራለች፦ "ቲቸር ቀለዱ። ባለቤቴ ብታየው ሳትጠይቀኝ ታስተካክለዋለች አሉ።"

መምህራን ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። ሳቁ ሳላውቀው ለቅሶ ሆነ። ከቀብሩ ወዲህ ዕንባ አልወጣኝም ነበር።

ክፍል ገብቼ "ቲቸር ይበልጣል ልክ ናቸው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ማስተዋል አንገቷን ደፋች። ቁጥሮቹን አብረን መለስናቸው። ነጩ ቀለም ግን ያስታውቃል።

ቅዳሜ

ሞጣ፣ እናቱ ቤት። ነገ አርባው ነው። ጓዳው በሴቶች ተሞልቷል፣ ድንኳኑ ገና አልተተከለም። አማቴ ዓይኔን አይተው "ምነው ልጄ፣ ምን አገኘሽ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "ለካ እዚያም ለልጆቹ ያማሽ ነበር" አሉ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

አሁን ደረቴን ያመኛል። ናፈቀኝ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ መጻፍ አልቻልኩም ነበር።