ሳልነግራቸው የቀረሁት ምክርሽ

ይድረስ ለእትዬ ኦዱሊያ፣ ለናፍቆቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? አሮጊቷን ዶና ኤልቪራን ከአልጋ ስታነሺ እንዳይጎዳሽ እያልን ከእማማ ጋር ሁልጊዜ እናነሳሻለን። ቦነስ አይረስ ብርዱ ለቀቀላችሁ? ባለቤትሽን ሲክስቶን አዲሱ ሥራ ተመቸው? ትንሿ ሊስ ትምህርቷን ወደደችው? እማማ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግራታል። እኔም ደህና ነኝ፣ ከአንድ ነገር በቀር።

ስለ ኤቫሪስቶ በስልክ በጠየቅሽኝ ቁጥር «እየተሻለው ነው» እያልኩ አልፌሻለሁ። ድምፅሽን እየሰማሁ እውነቱን ማውጣት ስላቃተኝ ነው የምጽፍልሽ።

በእርሻ ከተመረቅኩ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የምቀመጠው ሴልሶ ሞተር ብስክሌት ከሚጠግንበት የማንጎ ዛፍ ሥር ነው። አራት ነን፤ ሴልሶ፣ አውቶቡስ ነጂው ኤቫሪስቶ፣ ገበያ ላይ መድኃኒት ቅጠል የምትወቅጠው ኒልዳና እኔ። ኒልዳ ቅጠሉን በበረዶ ውኃ ትበጠብጣለች፣ ሴልሶ ቀዝቃዛውን የቴሬሬ ሻይ ይቀዳል፣ የቀንዱ ዋንጫ በየተራ ይዞራል፤ እኛም በየተራ እናማርራለን። መብራት ጠፋ፣ አማት መጣች፣ ውሻው ዶሮ በላ። ሕጉን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ከሁሉ ያነሰ ምሬት ያመጣ ሰው በረዶ ለመግዛት ይላካል።

ኦገስት ላይ ኤቫሪስቶ «እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ አለኝ፤ በነጠላ ጫማ ነው የምነዳው» አለ። እኔ ቀበል አድርጌ «የኔም ዲፕሎማ ሳያብጥ አልቀረም፣ በየትኛውም ቢሮ በር አልገባ አለ» አልኩ። ሴልሶ እንባው እስኪመጣ ሳቀና «ተሸንፈሃል አንተ ዝሆን፣ ተነስ ወደ በረዶው» አለው። ኤቫሪስቶ ተነሳ። እስከ ሱቁ ድረስ ሁለት ጊዜ ቆሞ አረፈ፤ እኔም ከተቀመጥኩበት «ምነው፣ ነዳጅ አለቀብህ?» ብዬ ጮህኩበት።

በሳምንቱ ፊቱም አበጠ። ያን ቀን ማታ ደውዬ ስነግርሽ «እግሩን በጣትህ ተጫነው፤ ጉድጓዱ ቶሎ ካልሞላ ሐኪም ቤት ውሰደው፤ እስከዚያ ውኃ አታብዙበት» አልሽኝ። በማግስቱ ተጫንኩት። ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። እኔ ግን «አሮጊት ስላስታመመች ሐኪም የሆነች መሰላት» ብዬ በልቤ ናቅኩሽ። ይቅር በይኝ።

ኒልዳ ለእብጠቱ የፈረስ ጭራ የሚሉትን ቅጠል እፍኝ እፍኝ ትወቅጥለት ነበር። «ሦስት ቀን ነው፤ ካልለቀቀው ሐኪም ይየው» አለች። በሦስተኛው ቀን ሳይለቀው ሲቀር ሴልሶ ወደ እኔ ዞሮ «ኢንጂነር፣ ስለ ዕፅዋት የተማርከው አንተ ነህ፤ ምን ትላለህ?» አለኝ። የተማርኩት ስለ ሶያና ስለ ካሳቫ ነው። ግን እትዬ፣ ሰባት መሥሪያ ቤት ሳመለክት አንድም ሰው ምን ትላለህ ብሎኝ አያውቅም። «ቅጠሉንም ውኃውንም እጥፍ አድርጉለት፤ ኩላሊት የሚታጠበው በውኃ ነው» አልኩ። ኒልዳ ቅር እያላት «እንግዲህ አንተ ካልክ» አለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ጨርሰው፣ አትለግም» እያልን አጠጣነው።

አንድ ማለዳ መሪ እንደያዘ ትንፋሽ አጠረው፤ ደግነቱ መንገደኛ ገና አልጫነም ነበር። አሱንሲዮን ሆስፒታል ወሰድነው። ኩላሊቱ ከደከመ ቆይቷል፣ ውኃው ሁሉ መውጫ አጥቶ ሳንባው ውስጥ ገብቷል አሉን። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ደሙ በማሽን ይጣራል፤ የሚጠጣውም በብርጭቆ እየተለካ ነው።

ገበያው ጥፋቱን ኒልዳ ላይ ለጠፈው። ደንበኞቿ ራቋት፤ ሙቀጫዋን ደፍታ ቤቷ ዋለች። እኔን «አንተ ልጅ ነህ፣ ምን ታውቃለህ፤ እምቢ ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ» ትለኛለች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አይዞሽ እላለሁ። ሐኪም እንደሚያስፈልገው ከእናንተ በፊት ያወቅኩት እኔ ነኝ ማለት ግን ከአፌ አልወጣ አለ። በዚህ መሐል ከዚህ ርቆ ቻኮ ውስጥ የእርሻ ሥራ አገኘሁ፤ ጃንዋሪ ላይ እጀምራለሁ። ደስታው ሊያፈነዳኝ ደርሶ ነበር፤ እንደዚሁ ዝም ብዬ ብሄድ ማን ይጠይቀኛል ብዬም አሰብኩ።

ባለፈው እሑድ ኤቫሪስቶን ልንጠይቅ ተሰብስበን ሳለ ተናገርኩ። ያልሽኝን ሁሉ፣ እግሩን መጫኔንም ነገርኳቸው። ሴልሶ መሬት መሬት አየ። ኤቫሪስቶ «ያን ጊዜ ብሄድ ኩላሊቴ ይተርፍ ነበር ወይ ብለህ ሐኪሞቹን እንዳትጠይቅ፤ እኔ ማወቅ አልፈልግም» አለኝ። ኒልዳ ግን «ሁለት ወር ሙሉ እኔ ሳለቅስ አንተ አጠገቤ ተቀምጠህ አይዞሽ እያልክ ሽንኩርት ትልጥልኝ ነበር» አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ማክሰኞ ወደ ገበያ ተመልሳለች። ሰላም ብላት ቀና ሳትል ወቀጣዋን ቀጠለች።

ኤቫሪስቶን ወደ ማሽኑ የማደርሰው እኔ ነኝ፤ እምቢ አላለኝም። እኔ ስሄድ ሴልሶ ይረከበኛል።

ኒልዳ ስልክ ቁጥርሽን ከእማማ ተቀብላለች። ከደወለችልሽ መቼ እንደነገርሽኝና ምን እንዳልሽኝ ሳትቀንሺ ንገሪያት። እባክሽ እታለም፣ አታማልጂኝ።

ሲክስቶን በጣም አድርገሽ ሰላም በይልኝ። ሊስን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለዶና ኤልቪራም ጤናውን ይስጥልኝ። እማማ «ልጄ ወገቧን ትጠብቅ» ብላለች።

ታናሽ ወንድምሽ አኒባል

ፓራጓሪ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2019